ሲስተር ያለምዘውድ እንዴት እንደተቀጣችልን

የምሥራች! ዛሬ ከኔ በላይ ደስ ያለው ሰው በሰቆጣ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ጠዋት ከኮረም የመጣውን ፖስታ ስፈታ አንዲት ባለ ማኅተም ደብዳቤ ወጣች። አነበብኋት፤ ደግሜ አነበብኋት፤ ከዚያ መዝገብ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልሁ። ዘበኛው በሩን ገፍቶ ገባ።

«ምነው አቶ ብዙነህ፣ ሹመት መጣልዎ?»

«ከሹመት ይበልጣል! ተቀጣች!»

«ማን?»

«ሲስተር ያለምዘውድ!»

ዘበኛው ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ተመስገን! ስንት ዓመት ፈረዱባት?»

«ሁለት።»

«እሰይ!»

ይህን የሚያነብ የሩቅ አገር ሰው ካለ «ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው?» ሳይል አይቀርም። ይታገሠኝ፤ ከሥሩ ላስረዳው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ሰቆጣ የቅጣት ቦታ ናት። አለቃውን የተሳደበ ጸሐፊ፣ ሰክሮ ክፍል የገባ አስተማሪ፣ ፍርድ ያዛባ ዳኛ ሁሉ ወደኛ ይላካል። ስለዚህ እኛ አዲስ ሠራተኛ በበቅሎ ሲመጣ «እንኳን ደህና መጣህ» እንልና አስከትለን «ምን አጥፍተህ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ነውር አይደለም፤ «አገርህ ወዴት ነው?» እንደ ማለት ነው። ሰውየውም ይነግረናል፤ ከዚያ ወዳጅ እንሆናለን።

ሲስተር ያለምዘውድ በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ስትመጣ ግን ያው ጥያቄ ቀርቦላት «ምንም» አለች። ተመርቄ ዕጣ ሲወጣ የደረሰኝ ነው አለች። ማን ይመናት! ሦስት ወር ሙሉ ከተማው ጥፋቷን ሲፈልግላት ከረመ። አንዳንዱ ሰው ገድላለች አለ፤ አንዳንዱ ሚኒስትር በጥፊ መታች አለ። ሁለተኛው ወሬ ብዙ አክብሮት አስገኘላት።

የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። ዲፕሎማዋን በሻሽ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ይዛለች፤ ነጭ ጫማዋ የዋግን አፈር ለብሷል። እኔ የሐኪም ቤቱ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ስለሆንሁ መጀመሪያ የመጣችው ወደኔ ነበር።

«ዶክተሩን ማነጋገር እፈልጋለሁ» አለች።

«ገና አልተመደቡም።»

«እንግዲያው ዋናዋን ነርስ።»

«እርስዎ ነዎት።»

«ረዳቷንስ?»

«እርስዋም እርስዎ ነዎት።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ደሴ ልዛወር የሚል ማመልከቻ በራሷ እጅ ጽፋ አመጣችልኝ፤ እናቷ ደሴ ናት፣ ብቻዋን የምትኖር። ወረቀቱ ላይ እንባ ጠብ ብሎበት ቀለሙ ፈስሶ ነበር። ማኅተም አድርጌ ላክሁት። መልስ አልመጣም።

በማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ላይ የነርስን ሥራ የሚዘረዝር ወረቀት ተለጥፏል። አንደኛው ቁጥር «የዶክተሩን ትእዛዝ መፈጸም» ይላል። ዶክተሩ ስላልተመደበ ሲስተር ያለምዘውድ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተመደበውን ዶክተር ትእዛዝ ስትፈጽም ኖረች። ያ ዶክተር ደግሞ እንዴት ያለ ጨካኝ መሰላችሁ! ጎሕ ሲቀድ ያስነሣታል። ፕሪሙስ አስለኩሶ መርፌ ያስቀቅላታል። የተኙትን ሁሉ ትኩሳት ያስለካታል፤ ቁስል ያሳጥባታል፤ ፋሻ ያስቀይራታል፤ አዋላጅ ያደርጋታል። ጥርስ ያስነቅላታል፤ ጥርስ ከዝርዝሩ ውስጥ እንኳ የለም። ጠራጊዋ የቀረች ቀን ወለል ያስወለውላታል። ሲመሽ የቀኑን ሪፖርት ያስጽፋታል። ሪፖርቱ ለማን? ለዶክተሩ። እኔም «ታይቷል» የሚል ማኅተም መትቼበት አስቀምጥለታለሁ።

ከዋጉ ዝቋላ የሚመጡት ሴቶች መጀመሪያ አልጋ ላይ ወጥተው ዝም ይሉ ነበር። ገበያ በአማርኛ ይሆናል፤ ሕመም ግን በአማርኛ አይነገርም። በሁለተኛው ዓመት ሲስተር «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ማለትን በኽምጣኛ ተማረች። በሦስተኛው ዓመት መልሱንም መረዳት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ሴቱ ጎረፈ። ካሳ የሚባል ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪ፣ አለን፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ወንድ ነው። ሴቶቹ ለካሳ የሚያሳዩት ምላሳቸውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አቶ ማንደፍሮ፣ የከተማችን ሽማግሌ፣ ምራታቸው በሰላም ስለተገላገለች ደስ ብሏቸው ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። «ይህችን ልጅ መንግሥት ይወቅልን። ምስጋና ጻፍልን፤ ብዕርህ ጥሩ ነው ይላሉ» አሉኝ። ብዕሬ ጥሩ ነው መባሉ አጠፋኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። «በጨለማ የበራች ፋና» አልሁ፤ «ለእናቶች መድኅን» አልሁ፤ መጨረሻ ላይ «ተገቢው ሽልማት እንዲሰጣት» ብዬ ዘጋሁት። ሽማግሌዎቹ ሳነብላቸው አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ።

በጥር መልሱ መጣ። ምስጋናችን ከልብ እንደተነበበ፣ በሽልማት መልክም በ፲፱፻፶፯ ያቀረበችው የዝውውር ጥያቄ እንደተፈቀደላት፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ደሴ ሄዳ ሥራ እንድትጀምር ይላል።

ደብዳቤውን ስሰጣት ፋሻ እየጠቀለለች ነበር። አንብባ ስትጨርስ ፋሻው ከእጇ ወደቀ።

«ይህን ምስጋና የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጽሑፍዎ ያምራል» አለችኝ፤ በጅራፍ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናትዎ ደስ አይላቸውም?» አልሁ፣ ነገሩን ላቃና።

«ይላታል። ክፍሌን ኖራ ቀብታ የምትጠብቀኝ ስድስት ዓመቷ ነው።» ፋሻውን ከወለሉ አነሣች። «ግን ምን ልሠራ ነው? እዚያ ሄጄ ከአራት ዶክተር ኋላ ትሪ ይዤ ልቆም? እዚህ ትሪውን የምይዘውም እኔ፣ ከትሪው የማነሣውም እኔ ነኝ። ይልቅ አልሄድም የሚል ማመልከቻ ይጻፉልኝ፤ አደራ፣ እንዳያሳምሩት።»

ሳላሳምር ጻፍሁት። የመጣው መልስ ሦስት መስመር ነበር፦ ሽልማት አይመለስም፤ በተባለው ቀን ካልተገኘች ሥራዋን በፈቃዷ እንደለቀቀች ይቆጠራል።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ መዝገብ ቤቴ ውስጥ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። እኔ፣ አቶ ማንደፍሮ፣ የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሐዋርያት፣ ድሬሰር ካሳ። ሲስተር ከሄደች ኃላፊ የሚሆነው ካሳ ነው፤ ከሁላችን ይልቅ የደነገጠውም እሱ ነበር።

«ኃላፊ ብሆን ማዋለዱ በማን ይሆናል?» ይላል ደጋግሞ። «ይህን ጢም ይዤ?»

«ሌላ ነርስ ይልኩ የለም ወይ?» አሉ አባ።

«አባቴ፣ ዶክተሩን ስንጠብቅ ስንት ዓመታችን ነው?» አልኋቸው።

ካሳ በንዴት ተነሣ። «ጥፋቱ የናንተ ነው! ሰው ከሰቆጣ የሚነሣው ሲመሰገን ነው። እንዲቀር ከፈለጋችሁ ስደቡት!»

አቶ ማንደፍሮ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ምን አልህ?»

«ኧረ ለጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ አይደለም። ዕውቀት ነው ከአፍህ ያመለጠህ። ብዙነህ፣ ወረቀት አውጣ። እንክሰሳት!»

አባ ወልደ ሐዋርያት እጃቸውን አነሡ። «መስቀለ ክርስቶስ ቁጭ ብሎ እያየ እኔ በሐሰት አልመሰክርም። መርማሪ ይመጣል፤ መስቀል ያስመታል፤ ነፍሴን ለማንም ነርስ አልሸጥም።»

«እንግዲያው እውነቱን እንክሰሳት» አሉ አቶ ማንደፍሮ።

«እውነት ጥፋት አላት?»

«አባቴ፣ እርስዎን ራስዎን ከማዋለጃው ክፍል አላስወጣችዎትም?»

አባ አሰቡ። «አስወጥታኛለች። ከነመስቀሌ። ጫማዬ ጭቃ ነበረው።»

«ጻፍ!» አሉኝ አቶ ማንደፍሮ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። አባ ግን ሌላም ግዴታ ጣሉብን፦ «ልጅቱ ሳትጠየቅ አይሆንም። ማኅደሯ ነው የሚቆሽሸው።» እኔ ተላክሁ። በረንዳው ላይ አገኘኋትና ነገርኋት። ሳቅ እጠብቅ ነበር። አልሳቀችም።

«ማኅደሬ ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል።»

«እስከ መቼ?»

«መዝገብ ቤቱ እስካልተቃጠለ ድረስ።»

ገብታ የአንድ ሕፃን እትብት አየች፤ ወጣች። «ያላደረግሁት እንዳይኖርበት። ያደረግሁትን ሁሉ ይጻፉ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክሱ ስምንት ነጥብ ወጣው። ብዕሬ በምስጋና ጊዜ ከነበረው ይልቅ አሁን ተሳለ። ተከሳሿ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ በፕሪሙስ ጩኸት ከተማውን ትበጠብጣለች። የተኙ በሽተኞችን እየቀሰቀሰች በብብታቸው ብርጭቆ ትከታለች። ካህን ከማዋለጃ ክፍል አስወጥታለች። «ማርያም፣ ማርያም» የሚሉ ሴቶችን ደጅ ሁናችሁ ለምኑ፣ እመቤታችን ከደጅም ትሰማለች ብላለች። በዐቢይ ጾም ለሳምባ ነቀርሳ በሽተኛ ወተት አጠጥታለች። ድሬሰር ካሳን በቀን ሃያ ጊዜ እጁን እያስታጠበች ቆዳውን ጨርሳበታለች። ለዶክተር የተወሰነ ሥራ ያለ ዶክተር ሠርታለች። የበላዮቿን ቋንቋ ትታ በኽምጣኛ ትሥቃለች።

አምስተኛው ነጥብ ላይ አባ ተቅበጠበጡ፤ ወተቱን የፈቀዱላት እሳቸው ራሳቸው ናቸዋ! «ካልጠየቁኝ አልናገርም» አሉ በመጨረሻ። «ያልተጠየቁትን አለመናገር ሐሰት አይደለም።» ብዙ ሊቃውንት ይስማሙበት እንደሆን አላውቅም፤ እኛ ተስማማን።

ክሱ እስኪጣራ ዝውውሩ ታገደ፤ መርማሪው አቶ ይግዛው በመጋቢት መጡ። ከኮረም ሁለት ቀን ተኩል በበቅሎ፤ ክፉ በቅሎ፣ ክፉ ኮርቻ። ሲወርዱ እግራቸውን አንፈርክከው ነበር የሚራመዱት። ወንበር ስናቀርብላቸው «ቆሜ ይሻለኛል» አሉ።

ምስክሮቹ ተራ በተራ ገቡ። ገና ከመጀመሪያው ነገሩ መበላሸት ጀመረ። አቶ ማንደፍሮ መስቀል መትተው ሲያበቁ «ይህች ልጅ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝመውና፣ በጣም አጥፊ ናት» አሉ። ካሳ የታጠበ እጁን አሳየ፤ አቶ ይግዛው ገልብጠው አዩና «እንዲህ ንጹሕ የድሬሰር እጅ አይቼ አላውቅም» አሉት። ከሁሉ የባሰው ግን ወይዘሮ ይታየሽ ናት። ማንም አልጠራትም። ሐኪም ቤት መርማሪ መጥቷል ሲባል ሰምታ ከዝቋላ ድረስ በእግሯ መጣች። በኽምጣኛ ተናገረች፤ ካሳ አስተረጎመ።

«ጌታው፣ እኔም አቤቱታ አለኝ። መንታ ወልጄ ደሜ አልቆም ብሎ በቃሬዛ አመጡኝ። ደክሞኝ ነበር። መተኛት ፈለግሁ። እንቅልፉ ደስ ይል ነበር፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም። ይህች ሴት አላስተኛ አለችኝ! ዓይኔን በከደንሁ ቁጥር በጥፊ! 'ይታየሽ፣ አትተኚ!' በጥፊ! እስኪነጋ በአንድ እጇ ሆዴን ስታሽ፣ በአንድ እጇ ስትመታኝ አደረች።»

«ከዚያስ?» አሉ አቶ ይግዛው።

«ከዚያማ ነጋ።»

«አቤቱታሽ ምንድን ነው?»

«ተናገርሁ እኮ! ጉንጬ አብጦ ነበር። አሁን መንቶቹ ፍየል ይጠብቃሉ።»

አቶ ይግዛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ። «አቶ ብዙነህ፣» አሉኝ፣ «ይህ እኮ ክስ አይደለም። እንዲህ ያለች ነርስ ደሴም ትበዛባታለች፤ ለአዲስ አበባ ነው የምጽፍላት!»

አለቀልን። አቶ ማንደፍሮ ደጅ ወጥተው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «በጥፊ መታች ብላ ከጀመረች በኋላ ምን አስቀጠላት?» ይላሉ ስለ ይታየሽ። «እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት?»

ግን እግዚአብሔር ለሰቆጣ የኮርቻ ቁስል አዘጋጅቶላት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ይግዛው የኮርቻው ቁስል ስላሰቃያቸው ሊታከሙ መጡ። የገበያ ቀን ነው፤ ግቢው ጢም ብሏል። የተኮለኮለውን ሰው ጥሰው ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ዘለቁ። እኔ በመስኮቴ አያለሁ። ሲስተር ያለምዘውድ የአንድ ፍየል ነጂ እግር እያጠበች ነበር፤ ቀና አለች።

«ካርድ አውጥተዋል?»

«እኔ?»

«መዝገብ ቤት ካርድ ያውጡ፤ ከዚያ ተራ ይጠብቁ።»

አቶ ይግዛው መጀመሪያ የቀለደች መሰላቸው። «እኅቴ፣ እኔ ማን እንደሆንሁ ታውቂያለሽ አይደል?»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡትን በዓይኗ ቆጠረች። «አርባ አንደኛ ነዎት» አለቻቸው።

መጡልኝ። ካርድ ጻፍሁላቸው። አርባ ሰው ከፊታቸው አለ፤ በአግዳሚው ላይ መቀመጥ አይችሉም። እስከ ስምንት ሰዓት ቆሙ። ከጎናቸው ያሉት አንዲት ባልቴት «አዬ ጌታዬ፣ እርስዎስ ምን አጥፍተው ነው የመጡት?» ብለው ጠየቋቸው፤ በእኛ ልማድ። ሲስተር ተራቸው ሲደርስ ቁስላቸውን እንደ ሕፃን አጠበችላቸው፤ ቅባት ቀባች፤ ለመልሱ መንገድ ፍራሽ የሚሆን የጥጥ መከዳ ሰጠቻቸው። አቶ ይግዛው ግን አመሰግናለሁ እንኳ አላሉም። ወደኔ መጥተው ቆመው ጻፉ። «በመርማሪ ላይ የተፈጸመ የአክብሮት ጉድለት፤ ዘጠነኛ ነጥብ» ሲሉ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው።

ሲሄዱ ሲስተርን ጠየቅኋት። «አስበውበት ነው?»

«ምኑን?»

«ተራ ማስጠበቅዎን።»

«አርባ ሰው ቀድሞት የመጣ ሰው ምን ላድርገው?» አለችኝ፣ እኔን እንደ ሞኝ እያየች። ስለ ክሱ ጨርሶ አላሰበችም ነበር።

እነሆ ዛሬ ውሳኔው መጣ። ተከሳሿ በዘጠኙም ነጥብ ጥፋተኛ ናት። የደሴው ዝውውር ተሰርዟል፤ የደረጃ እድገት ተከልክላለች፤ ለሁለት ዓመት ከሰቆጣ እንዳትነሣ ታዟል። ደብዳቤውን ይዤ ሮጥሁ። መድኃኒት ስትቆጥር አገኘኋት። ቆማ አነበበች፤ ዘጠኙንም ነጥብ፣ አንድ በአንድ፣ በጣቷ እየተከተለች። ጣቷ ጾምና ወተቱ ላይ ሲደርስ ቆየ። ይታየሽን መርማሪው «በሽተኛን በጥፊ መምታት» ብለው ከሰባተኛው ነጥብ ሥር ጨምረዋታል፤ እዚያም ቆየ።

«ስድስት ዓመት ሪፖርት ጻፍሁ፤» አለችኝ፣ «አንድም ሰው አላነበበልኝም። ይኸው ሁሉም አለ። የቀረ የለም።» ዓይኗ ውሃ አቅርሯል፤ ደስታ ይሁን ኀዘን አልለየሁትም። «ግልባጭ ይስጡኝ፤ ለእናቴ እልክላታለሁ። ለምን እንዳልመጣሁ ትወቅ።»

«እናትዎ 'ተቀጣች' የሚለውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ።»

«ትደነግጣለች» አለች። «ኖራውም ይረግፋል እንግዲህ።» ወረቀቱን አጠፈችው፤ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ የመድኃኒቱን ቆጠራ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔ ግን አልሄድሁም፤ የሚጨመር ነገር ያለ መሰለኝ። እውነትም ቀና አለች።

«አቶ ብዙነህ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅማ...» አልሁ፣ «አዲስ ጥፋት እንፈልጋለን።»

ያን ጊዜ ሳቀች። በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፅ አውጥታ በአማርኛ ስትሥቅ የሰማኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሌላም ብዙ የምጽፈው ነበረ፤ ግን አባ ወልደ ሐዋርያት ለተዝካር ወደ አምደወርቅ ሊነሡ ነው፤ በቅሏቸው ተጭናለች ሲባል ሰማሁ። መርማሪው ስላልጠየቋቸው ሳይናገሩ ባለፉት በወተቱ ነገር እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል፤ ውሳኔውን ሳይሰሙ ከሄዱ መንገዱን ሁሉ ሲጸጸቱ ሊሄዱ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ልነሣ፤ ከተማውን ሳይወጡ ልድረስባቸው!